የውቢት መሻገሪያ

ቢቸና ውስጥ አለበልን በመልኩ የማያውቅ ሰው ይገኝ ይሆናል፤ በድምፁ የማያውቀው ግን የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እሱ ነበር። ሰው ባረፈ ቁጥር ማለዳ ይነሳል፤ ጋቢውን ያጣፋል፤ ያቺን አፏ የተጨረመተ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይወጣል። በየመንገዱ መጋጠሚያ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ የሚቀበርበትን ቤተ ክርስቲያን ይጠራል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ስም አሳስቶ አያውቅም፤ ይህን እንደ ትልቅ የእግዚአብሔር ስጦታ ይቆጥረው ነበር።

ሥራው በእግር የሚሠራ ሥራ ነውና የከተማውን መንገዶች ሌላው ሰው የገዛ ቤቱን በሚያውቅበት ዓይነት ያውቃቸዋል። የትኛው ጥግ ድምፅ እንደሚያስተጋባ፣ የትኛው ቅያስ ላይ ነፋስ ስም ነጥቆ እንደሚሄድ፣ የደከመው ሰው የት አረፍ እንደሚል ቢጠየቅ ሳያስብ ይመልሳል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን የራሱን ደጅ ነበር። መንገዱ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ይወርዳል። በወዲህ በኩል የእሱና የባለቤቱ የውቢት ቤት፣ በወዲያ በኩል ፊት ለፊት የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በር። በመካከላቸው አንድ ያረጀ ዋንዛ ነበር፤ ከዋንዛው ሥር ደግሞ አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች።

ድንጋዮቹን ሰው ሁሉ ምዕራፍ እያለ ይጠራቸዋል። በልማዱ አስከሬን ከቤቱ ወጥቶ መቃብር እስኪደርስ ሰባት ቦታ ላይ ያርፋል፤ በእያንዳንዱ ማረፊያ ካህናቱ ቆመው ጸሎት ያደርሳሉ፤ ማረፊያውም ምዕራፍ ይባላል። ከየትኛውም ሰፈር የመጣ አስከሬን ለሰባተኛ ጊዜ የሚያርፈው በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ነበር። ቀብር በሌለበት ቀን ድንጋዮቹ ለሕያዋን ነበሩ። ከገበያ የምትመለስ ሴት ሸክሟን ታሳርፍባቸዋለች፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻል፤ የተኳረፉ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ሆኖባቸው ይታረቃሉ። ውቢት እሑድ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሳ ስትወጣ ከዚያ ቁጭ ካለች፣ ቤቷ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ እያለ፣ ረፋዱን እዚያው ትጨርሰዋለች። አለበል አንዳንዴ ደጁ ላይ ቆሞ፣ «ኧረ ቤት አለሽ!» ይላታል። እሷም ሰላምታዋን ሳታቋርጥ በእጇ ብቻ መጣሁ ትለዋለች። አትመጣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንገዱ ሊሰፋና አስፋልት ሊለብስ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ሆኖ የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ ቀደም ብለው ተማክረው ነበር፤ መንገዱን አንቃወምም፣ ነገር ግን ዋንዛውና ምዕራፉ ይቅሩልን፣ አስፋልቱ ዞር ብሎ ይለፍ ብለን እንለምን ተባባሉ። ቃሉን የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ አለበል ተመረጠ። ድምፅ ያለው እሱ ነው፤ ሰው ፊት መቆምም የለመደው እሱ ነው።

ስብሰባው ላይ ታደለ የሚባል፣ ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ ወጣት መሐንዲስ አንድ ትልቅ ሥዕል ዘረጋ። በሥዕሉ ላይ መንገዱ እንደ መስተዋት ያበራል። ዳርና ዳሩ ዛፍ ተተክሏል። ከዛፉ ሥር ሰዎች ዘና ብለው ይሄዳሉ፤ አንዷ ጥላ ይዛለች፤ አንዱ ልጁን እጁን ይዞ ይመራል። አለበል ሥዕሉን ሲያይ ልቡ ተነካ። እድሜውን ሙሉ ጭቃና አቧራ ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው። ሊናገር ሲነሳ የተላከበትን ትቶ፣ ይህን ያየንበት ዘመን የተመሰገነ ይሁን፣ እኛም እንቅፋት መሆን የለብንም ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሱ ሃያ ሰባት ዓመት ሲለፍፍ የኖረ ሰው ነበር፤ መለመን አልለመደም፤ ሰው የሚነግረውን ሰምቶ ከፍ ባለ ድምፅ ደግሞ መናገር ነው ሥራው። ያን ቀንም የሠራው ያንኑ ነው።

የሥዕሉን ትንሽ ቅጂ ለውቢት አምጥቶ አሳያት። ወደ ብርሃን ይዛ ቀረብ ራቅ እያደረገች ተመለከተችው። ጥላ የያዘችውን ሴት በጣቷ ነክታ፣

«ይቺ ሴትዮ በየት በኩል ነው የምትሻገረው?» አለችው።

አለበል ሳቀባት። ሥዕል እኮ ነው አላት።

ከሳምንት በኋላ ጥሩምባውን ነፍቶ ሰፈሩን ለሥራ የጠራውም እሱ ነው። ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። አምስቱ ድንጋዮች ተነቅለው ጎን ወዳለ ባዶ ቦታ ተንከባለሉ። ዋንዛው በሦስተኛው ቀን ወደቀ። ውቢት ያን ቀን ከቤት አልወጣችም፤ ራሴን አሞኛል አለች።

መንገዱ አለቀ። ሥዕሉን አልመሰለም። ስፋቱ ሠላሳ ሜትር ነው፤ መሐሉን ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ኮንክሪት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍሎታል። በሁለቱም ዳር ሰው ቢገባበት እስከ ደረቱ የሚውጥ፣ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ ተቆፍሯል። የእግረኛ መሄጃው በኋላ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ ኋላው አልደረሰም። በየቤቱ ፊት የነበረው የቁጥቋጦ አጥር ተነስቶ ቆርቆሮ ተተካ። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ የዋለበትን ሙቀት መልሶ ፊት ላይ ይተፋል።

ሰው መኪና ቢመጣበት መሸሻ እንዳያጣ በቦዩና በአስፋልቱ መካከል ባለችው ቀጭን ስፍራ በነጠላ መስመር፣ ኋላውን እየገላመጠ ይሄዳል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን መሄድ ስለማይችል እየሄዱ መጨዋወት ቀረ። ከወዲያ ማዶ ያለ ወዳጁን ያየ ሰው እጁን ያነሳል፤ ያኛውም ያነሳል፤ በመካከል የጭነት መኪና ያልፋል፤ ሲያልፍ ሁለቱም ሄደዋል። መንገድ ላይ ቆመው እናትና አባት፣ ከብትና አዝመራ ሳይቀር ይጠያየቁ የነበሩ ሰዎች ግንባራቸውን ቋጥረው ቶሎ ቶሎ ይራመዱ ጀመር። አለበል መጀመሪያ ሰው የተቀየመው መስሎት ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን እሱም ራሱ ግንባሩን ቋጥሮ እንደሚሄድ ልብ አለ።

ድምፁም አልደርስ አለ። እንደ ድሮው መጋጠሚያው ላይ ቆሞ ቢነፋ ድምፁ በሰፊው ባዶ ቦታ ይበተናል፤ የተረፈውን ሞተር ይውጠዋል። ቀብር የቀሩ ሰዎች «አልሰማንም እኮ፣ ጋሼ አለበል» ይሉት ጀመር። እሱም አያምናቸውም ነበር፣ አንድ ቀን ወዲያ ማዶ ቆሞ ሌላ ሰው አስነፍቶ እስኪሰማ ድረስ። ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥሩምባዋ ከበደችው።

ውቢትን ግን የሰበራት ሌላ ነው። አንድ እሑድ በቦዩ ላይ በተጋደመች ሳንቃ ስትሻገር ሳንቃዋ ተንሸራተተችና ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም። ሦስት ሰው ጎትቶ ሲያወጣት ግን ቀሚሷ ጉልበቷ ድረስ ተገልቦ፣ ነጠላዋ ቦዩ ውስጥ ቀርቶ፣ አፏ ጭቃ ሞልቶ ነበር። በዚያ ደጅ አርባ ዓመት ስትከበር የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ወዲያ ወደ መንገዱ መውጣት ተወች። ሁለት ሦስት ጊዜ በባጃጅ ሄደች፤ ባጃጁ በመሐሉ ኮንክሪት ምክንያት እስከ መናኸሪያው ወጥቶ ዞሮ ነው ፊት ለፊት ላለው በር የሚያደርሳት። ማንንም ሳታገኝ ሄዳ ማንንም ሳታገኝ መመለሷን አልወደደችውም። እንደ እቃ አደረሱኝ አለችና እሱንም ተወች።

መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከዚያው ሆና ታስቀድስ ጀመር። መኪና ባለፈ ቁጥር የቅዳሴው ዜማ ይቋረጥባታል። ምግብ ቀነሰች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወሬ አለቀባት፤ የምታወራው የነበረው መንገድ ላይ ያገኘችውን ነበርና። አለበል ወደ ጤና ጣቢያ በባጃጅ ወሰዳት። ሃና የምትባል፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ጤና መኮንን ደህና አድርጋ መረመረቻት። ልቧ ትንሽ ደክሟል፣ የሚዋጥ ነገር እሰጣለሁ፣ ዋናው መድኃኒት ግን በየቀኑ በእግር መሄድ ነው አለች።

«የት ልሂድ ልጄ?» አለች ውቢት። ትህትና ያለው ጥያቄ ነበር። ሃናም በዚያው መንገድ በየቀኑ ወደ ሥራዋ የምትመላለስ ናትና ዓይኗን ወደ ማዘዣው ወረቀት መለሰች።

በግንቦት ወር አለበል ሞጣ ወዳለችው እህቷ ወደ ፈንታነሽ ወሰዳት። የፈንታነሽ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ባሕር ዛፍና ግራዋ ከሁለቱም ወገን ተደግፈውበታል፤ በየደጁ መቀመጫ አለ፤ መኪና ቢመጣ እንኳ ሰው እስኪያልፍለት ይጠብቃል፣ ሌላ አማራጭ የለውም። ውቢት በሁለተኛው ቀን እስከ ደጅ ወጣች። በአራተኛው ቀን እስከ ጥጉ ደረሰች። በሳምንቱ አለበል ሲፈልጋት ከቤቱ አምስተኛው ደጅ ላይ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር ተቀምጣ ጎመን ስትቀነጥስ አገኛት፤ ሴቶቹ በምን እንደሆነ እንጃ፣ በሳቅ ፈርሰዋል። እሱን ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው።

«እሱ ነው?» አለች አንዷ።

«እሱ ነው» አለች ውቢት።

ምን ብላ እንዳማችው ሳይጠይቅ ተመለሰ። መንገድ ላይ ዓይኑ እንባ አዘለ፤ አምላኩንም አመሰገነ።

ፈንታነሽ እዚሁ ትቆይ ብላ ነበር። ውቢት ግን ፍልሰታ ሲመጣ በኪዳነ ምሕረት ማስቀደስ አለብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀርቶብኝ አያውቅም አለች። አለበልም ድናለች ብሎ መለሳት። ቢቸና ገብተው በሦስተኛው ቀን መስኮቱ ሥር ነበረች።

ያኔ ነው አለበል ገመድ ያነሳው። አንድ ረፋድ ላይ የመንገዱን ስፋት ከቤቱ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በገመድ ለካ። ገመዱን ግቢው ውስጥ በአጥሩ ዙሪያ ዘረጋው። ከመሐሉ ላይ የኮንክሪቱን ከፍታ የሚያህል ድንጋይ አስቀመጠ። ውቢት መጀመሪያ ይህ የምን እብደት ነው ብላ ተቆጣች። ከዚያ ምርኩዟን ይዛ ገመዱን ተከትላ ሄደች፤ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ የአለበልን ትከሻ ይዛ ተሻገረች። እሱ ሰዓቱን ያያል። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ደቂቃ ፈጀባት። ሐምሌን በሙሉ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር፣ ገመዱን ስትመላለስበት ከረመች። ምግብም ትንሽ ተከፈተላት። ፍልሰታ ሲገባ ሦስት ደቂቃ ደረሰች። ከዚያ በታች አልወረደም።

«ሦስት ደቂቃ መኪና የሚያቆምልኝ ማን ነው?» አለችው።

አለበል ወደ ታደለ ቢሮ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ነበር። መሻገሪያ የሚሆን ነጭ ቀለም፣ መኪና የሚያበርድ ጉብታ፣ ኮንክሪቱ ላይ አንድ ክፍተት፣ ቦዩ ላይ አንድ ክዳን ጠየቀ። ታደለ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ወንበር ስቦ ነው ያስቀመጠው። ማመልከቻ ጽፈው ያስገቡ አለ፤ ገባ። በበጀት ይታያል ተባለ። በሁለተኛው ጊዜ አለበል፣ ሥዕሉ ላይ ሰዎች ነበሩበት፣ ጥላ የያዘች ሴትም ነበረች ብሎ ጠየቀው።

«እሷ ለማሳያ ናት አባቴ» አለው ታደለ። «ዲዛይኑ ላይ የለችም።»

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን፣ ጾሙ በሚፈታበት በእመቤታችን በዓል ዕለት፣ ውቢት ነጭ ልብሷን ለብሳ ደጅ ወጣች። አለበል በቦዩ ላይ ከገዛ ቤቱ የነቀለውን በር አጋድሞ ድልድይ ሠርቶላታል። አሻገራት። ከዚያ ጥሩምባውን ከብብቱ አውጥቶ ወደ አስፋልቱ መሐል ገባ። አንድ እጁን ዘርግቶ በሌላው ይነፋ ጀመር። እንደምንም አንድ ባጃጅ ቆመ። ውቢት ምርኩዟን አስቀድማ ጀመረች፤ በገመዱ ልክ፣ በለመደችው እርምጃ። ከባጃጁ ኋላ አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባውን ይለቀው ጀመር።

ሲሶውን መንገድ እንደሄደች የየቤቱ በር ተከፈተ። የአለበል ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ወንዶቹ ከየሱቁ ብቅ አሉ። ልብስ ሰፊው የኔሰው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከወዲያ ማዶ ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ አለበል፣ ማን ሞተ?»

ውቢት ቆመች። የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም የምታውቃቸው ናቸው፤ ከአብዛኞቹ ጋር ግን ሁለት ዓመት አልተገናኘችም። ወደ ባሏ ዞረች።

«ገና ነኝ በላቸው» አለች።

ከዚያ ተመለሰች። አለበል ቀጥይ፣ ደርሰሻል እያለ ቢለምናት ወደ ኋላዋ አላየችም። በሩ ድልድይ ላይ ስትደርስ ብቻ የእሱን ክንድ ያዘች። ባጃጁ ሄደ፤ የጭነት መኪናው ሄደ፤ ሰውም ነጠላውን አስተካክሎ ገባ። የኔሰው በኋላ ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ሳቅ ብላ ተቀበለችው፤ ምን አጠፋህ አለችው። ገመዱን ግን በማግስቱ ራሷ ጠቅልላ ጓዳ አስገባችው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አረፈች። ሐኪሞቹ የልብ ድካም አሉ። አለበል አልተከራከራቸውም፤ ቃሉ ትክክል ነው።

የእድሩ ሰዎች ዛሬ አንተ ቁጭ በል፣ ሌላ ሰው ይነፋል አሉት። እምቢ አለ። መጋጠሚያው ላይ ቆሞ መንፋት እንደማይበቃ ያውቃልና ያን ቀን ከደጅ ደጅ እየሄደ፣ የእያንዳንዱን ቆርቆሮ በር እያንኳኳ፣ የውቢትን ስም በጥሩምባ ሳይሆን በአፉ ነገረ። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ቤቷ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ስድስቱ ምዕራፍ ከግቢው እስከ አስፋልቱ ዳር ባለችው አጭር ስፍራ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ተደረገ። ከዚያ ቃሬዛው በተጋደመው በር ላይ ቦዩን ተሻግሮ አስፋልቱን ረገጠ። ያን ጊዜ፣ ማንም እጁን ሳያነሳ፣ ከላይ የሚመጣው መኪና ሁሉ ቆመ። ከታች የሚመጣውም ቆመ። አውቶቡሱ፣ ባጃጆቹ፣ እህል የጫኑት፣ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርዱት ሁሉ ሞተራቸውን አጠፉ። መንገዱ ከተሠራ ጀምሮ ያልተሰማ ጸጥታ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የወፍ ድምፅ መጣ።

አለበል መሐሉ ላይ፣ ኮንክሪቱ ጋ ሲደርሱ፣ «እዚህ አሳርፏት» አለ።

ከመንገዱ ሳንወርድ? ብለው ተሸካሚዎቹ አመነቱ። ቀብሩን የሚመሩት ቄስ ሣህለ ማርያም ቀረብ ብለው፣ መንገድ ዘግተናል እኮ ልጄ፣ ከበሩ ሥር ብናደርገው ምን ይላል አሉት በለሆሳስ።

«ሰባተኛው እዚህ ነበር አባታችን» አላቸው። «የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

ቄስ ሣህለ ማርያም ጥቂት አዩትና መስቀላቸውን አነሱ። ቃሬዛው ኮንክሪቱ ላይ አረፈ። ጸሎቱ ሳይቸኮል፣ ሳይቆረጥ ተደረሰ። አለበል ሰዓቱን ማየት አልፈለገም ነበር፤ እጁ ግን ከለመደው አልቀረም። አሥራ አራት ደቂቃ። አንድም የመኪና ጡሩንባ አልተነፋም።

ፊት ለፊት የቆመው የጭነት መኪና ሾፌር ወርዶ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ የደግ ሰው ፊት ነው። ቃሬዛው ሲነሳ ወደ አለበል ጠጋ አለ።

«ነፍስ ይማር አባቴ። ከየት ነው ያመጣችኋቸው?»

አለበል በእጁ የቤቱን በር አሳየው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን በር አሳየው። ሾፌሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየና ያልገባው መሰለ።

«ከዚያ እዚህ ብቻ?»

«ከዚያ እዚህ» አለ አለበል። «ሦስት ደቂቃ ይበቃት ነበር።»

 ቀባሪው በሩን አልፎ ሲያልቅ ሾፌሩ ወደ መኪናው ወጣ። ሞተሮቹ ተራ በተራ ተነሱ። አለበል የመጨረሻው ሆኖ በበሩ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ጡሩንባ ከኋላው ተነፋ።